የአመድ ድንጋይ ቤት

ተራራችንን የማያውቀው ሰው የለም። በፖስታ ካርድ ላይ አለ፣ በውሃ ጠርሙስ ላይ አለ፣ በከተማው አውቶቡሶች ጎን ላይ ተስሏል። አፉ እንደ ሰሃን የተከፈተ፣ ወገቡ እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ፣ እግሩን ባሕሩ ውስጥ የነከረ ተራራ ነው። ሰው ከስንት አገር ትኬት ቆርጦ ይመጣና ጀርባውን ሰጥቶት ፎቶ ይነሳል። ያ ግን ፊቱ ነው። ጀርባውን ፎቶ ሲያነሳ ያየሁት ሰው የለም። ጀርባው እኛ ነን። የድንጋይ ካባው፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮኸው መጋዝ፣ ልብስ ላይ የማይለቀው ቢጫ አቧራ፣ ከተራራው ግርጌ የተፈለፈሉት ቤቶች።

እኔ ድንጋይ ቆራጭ ነኝ። ካባ ውስጥ "አቧራው" ይሉኛል። አባቴ ያወጣልኝን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዬ ብቻ ነው። የምንቆርጠውን ድንጋይ አመድ ድንጋይ እንለዋለን፤ ታናሽ ወንድሜ ቱፍ ይለዋል። እሱ ያጠናው ይህንኑ ተራራ ነው፣ በዚህ ተራራ ዶክተር ተብሎበታል። እኔ በዚያው ተራራ አቧራው ተባልኩ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን፣ ከአንድ ድንጋይ በልተን ማለት ነው።

ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ ቤት የመጣ እንግዳ ፊት "ይሄኛው እጅ አለው፣ ያኛው ጭንቅላት አለው" አለ። በማግስቱ እጅ ያለው ወደ ካባ፣ ጭንቅላት ያለው ወደ ትምህርት ቤት። እጅ ያለው ሰው ጭንቅላት የለውም ማለት ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ዕድሜ አባት አይጠየቅም። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ጥያቄዋ ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ተቀምጣለች።

የኋላ ኋላ በፊት ለፊት በኩል፣ ጎብኚው የሚወጣበት ደረጃ ሥር፣ ስለ ተራራው የሚያስረዳ ትልቅ ሰሌዳ ተተከለ። ጽሑፉ የወንድሜ ነው። ሰሌዳው የቆመበትን ድንጋይ የጠረብኩት እኔ ነኝ። ከጽሑፉ ሥር ስሙ አለ፤ ድንጋዬ ላይ ምንም የለም። በምርቃቱ ዕለት ከረባት ላሰሩት እንግዶች ሲያስተዋውቀኝ "ድንጋዩን የጠረበልን እሱ ነው" አለ። "ወንድሜ ነው" ለማለት አንድ ቃል ነበር የቀረው። ያቺን አንድ ቃል ዋጣት። በኋላ ነገሩን ሳነሳበት "ጋሼ፣ ያውቁህ መስሎኝ ነው" አለኝ። ከየት ያውቁኛል?

ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ አያቅተኝም። ከምድር ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ጥልቀት ከሌለው ውሃ ጋር ተገናኘ ይላል። ውሃው በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፈነዳና የቀለጠውን ድንጋይ ዱቄት አደረገው። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ተለውሶ እንደ ጭቃ ወረደ። ደግሞ ፈነዳ፣ ደግሞ ወረደ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ። ይህን የሚያክል ተራራ ተሠርቶ ያለቀው በቀናት፣ ግፋ ቢል በሳምንታት ነው ይላል። ከዚያ እሳቱ ሄደ፤ በዚያ በኩል ተመልሶ አልመጣም። አፉ ዙሪያውን እኩል ያልሆነውም ያኔ ነፋሱ ወደ አንድ ጎን ይነፍስ ስለነበር ነው ይላል። አመዱ ሁሉ ወደዚያ እየሄደ ተከመረ፣ ያኛው ጎን ዝቅ ብሎ ቀረ። እዚህ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። የኛን ቤት ያጠና ሰው ያለ መሰለኝ።

ቤታችን ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተፈለፈለ ነው። ከፊት ያለው ሳሎን እኔው በቆረጥኩት ብሎክ የተገነባ ሲሆን በቆርቆሮ ተከድኗል። ከሱ በስተጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን ተራራው ራሱ ናቸው። አንዱን አባቴ ነው የፈለፈለው። ሁለተኛውን እኔ የፈለፈልኩት ባለቤቴ ያረገዘች ጊዜ ነው። መደርደሪያው ከግድግዳው የወጣ ነው፣ መደቡ ከግድግዳው የወጣ ነው፣ የልብስ መስቀያው ሳይቀር ድንጋዩን ትቼ የቀረጽኩት ነው። በሙቀት ጊዜ ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ጊዜ ይሞቃል። ከተማ ውስጥ ባለ ፎቅ ቤት ያላቸው ሰዎች ማራገቢያ ሲገዙ እኔ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። በሕይወቴ ከወንድሜ የምበልጥበት ነገር ይህ ቤት ብቻ ነበር።

ባለቤቴንም ያገኘኋት ካባው ውስጥ ነው። ጥገና ክፍል ነበረች። ብሎክ ሲቆረጥ አንዳንዱ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። እሱን አይጥሉትም፤ የድንጋዩን የራሱን ዱቄት ከጄሶ ጋር ያቦኩና ስንጥቁ ውስጥ ሞልተው በጨርቅ ያሹታል። ሲደርቅ ገዢው ይቅርና ቆራጩ ራሱ አይለየውም። በዚህ ሥራ እሷን የሚስተካከል እጅ አልነበረም። ፎርማኑ "አንቺ የሰው ፊት ብትጠግኚ ሀብታም በሆንሽ" ይላት ነበር። እኔን ያገባችኝ ለጥገና ነው እያልን እንስቅ ነበር፣ ድሮ።

አንዲት ልጅ አለችን፤ ሩቅ ከተማ አግብታ ሄዳለች። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ጠዋት ደወለች። ባሏ ሌላ ሴት ዘንድ ገብቷል፤ ቤቱንም ልቀቂ ብሏታል። እያለቀሰች አልነበረም፣ ያ ነው ያስፈራኝ። ትንሿን ልጇን ይዛ መምጣቷ ነው፤ ዕቃዋን እስክትሸክፍ ትንሽ ጊዜ ትፈልጋለች። "አባዬ፣ ቦታ አለ?" አለችኝ። የአባቷን ቤት ቦታ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ተቃጠለ።

ልጄ የምትገባበት ሁለት በር ነበር፤ የኔና የወንድሜ። የሱ ልጆች ተምረው ወጥተዋል፣ ላይኛው ፎቅ ባዶውን ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት። ልጄ እዚያ ከገባች እንደማትወጣ አውቃለሁ። ማን ይወጣል? ስለዚህ ለሷና ለልጇ ሦስተኛ ክፍል ልፈለፍል ተነሳሁ። ባለቤቴ ከሞት የተነሳች መሰለች። አንሶላ ታጥባለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች፣ የልጅ አልጋ ከሰው ትለምናለች። ልጃችን ከሄደች ወዲህ ትታው የነበረውን ማንጎራጎር እንደገና ስትጀምር ሰማኋት።

ድንጋያችን ሁለት ዓይነት ነው። ፊቱ ቢጫ ነው፣ ጠንካራ፣ መጋዝ የሚበላ። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫው እንደ ሳሙና ይቆረጣል። በካባው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን የሚፈለፍለው ቢጫውን በበር ያህል ቀዶ ግራጫው ውስጥ በመግባት ነው። አባቴም እንዲህ አደረገ፣ እኔም እንዲህ አደረግኩ። ሦስተኛውን ክፍል ግማሽ ካደረስኩ በኋላ ባለቤቴ ሳሎኑን ከተፈለፈሉት ክፍሎች ከሚያገናኘው መካከለኛ በር በላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየች። አቧራ ነው አልኳት። ጠረገችው፤ አልጠፋም። ሳልፈቅድላት ወንድሜ ዘንድ ደወለች።

በማግስቱ መጣ። ትንሽ መዶሻና የእጅ ባትሪ ይዟል፣ ጫማው ንጹሕ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ጎንበስ አለ። አባታችን የፈለፈለው በር ለሱ ቁመት አይበቃም፤ ስንት ዘመን ስላልገባበት ረስቶታል። ግድግዳውን እየመታ አዳመጠ፣ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ግራጫው ላይ አሸት አሸት አደረገ። እኔ ቆሜ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ እጠብቀዋለሁ፣ በገዛ ቤቴ።

"ጋሼ፣ ይሄ ስንጥቅ መቼ መጣ?" አለኝ።

ስንጥቅ የሌለው ተራራ አለ እንዴ አልኩት። አልሳቀም። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ፤ ሲያስረዳ ድምፁ ይቀየራል፣ ሰሌዳ ይሆናል። ቢጫውም ድሮ ግራጫ ነበር አለ። ሞቅ ያለ ውሃ ብዙ ዘመን ሰርጎበት ነው እንደ ሲሚንቶ ያያዘው፤ ከውስጥ ያለው ግን ያን ውሃ ስላላገኘ ሳይያዝ ቀረ። እኛ የምንኖረው ባልተያዘው ውስጥ ነው። የተያዘው ከላያችን እንደ ክዳን ተቀምጧል፤ ንብርብሩ ደግሞ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ወደ ካባው ያዘነብላል፤ ካባው ደግሞ እግሩን ቆርጦ ወስዶበታል። ግራጫው ውሃ ሲጠጣ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል አለ። ከአንዳንድ ሰው ይሻላል፣ ውሃ ነው የሚጠጣው አልኩት። አሁንም አልሳቀም። ባለቤቴ ግን ሳትፈልግ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከኪሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀጭን መስታወት አወጣ፤ እንደ ጣት የጠበበ። ስንጥቁን አሻግሮ ጫፍና ጫፉን በጄሶ ለጠፈው። ነጭ ጄሶ፣ ቢጫው ግድግዳ ላይ እንደ ሁለት ጥርስ ታየኝ።

"ተራራው ትንሽ እንኳ ቢላወስ ይሄ ይሰበራል" አለ። "መስታወት አይለጠጥም። ከተሰበረ የዚያኑ ዕለት ውጡ። አልጋም አታንሱ።"

"ወዴት?"

"ወዴት ትላለህ እንዴ ጋሼ? ቤቴ የማን ነው? ላይኛው ፎቅ እኮ ባዶ ነው።"

ላይኛው ፎቅ። ቃሏን ሲያወጣት ክፋት አልነበረውም፤ ይህንን ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ግን ሰው ክፋት ሳይኖረውም ይረግጣል። ቁፋሮውንም እንዳቆም ነገረኝ። እሺ አልኩት። እሱ ሲሄድ ዶማውን አስቀመጥኩና መጋዙን አነሳሁ፤ ዶማ ይመታል፣ መጋዝ አይመታም። ክፍሉን ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ጌታ ያ መስታወት ሆነ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ባለቤቴ ከኔ ቀድማ ትነሳና ታየዋለች፤ ከመኝታዬ ሆኜ "ደህና ነው?" እላታለሁ፣ "ደህና ነው" ትለኛለች። ወንድሜ በየጊዜው ይደውላል፣ "እንዴት አደረ?" ይላል፣ እንደ ታማሚ። "ካንተ በደህና አድሯል" እለዋለሁ። ዝናቡ ገባ። እንደዚያ ያለ ዝናብ ከመጣ ብዙ ጊዜው ነው፤ ካባው ኩሬ ሆነ፣ ሥራ ቆመ፣ የሳሎኑ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ውሃ ሰው አያነጋግርም ነበር። መስታወቱ ግን አልተሰበረም።

ወንድሜ ራሱ ዓይኔን ልመን ብሎ በዝናብ መጣ። ጎንበስ ብሎ ገባና ባትሪውን አበራበት። ድፍን ነው። ወደ ኔ ዞሮ ፈገግ አለ፣ ትከሻዬን ያዘኝ።

"በመሳሳቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ጋሼ።"

"በል እንግዲህ ሰሌዳህን አርመው" አልኩት።

በዚህ ጊዜ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ልጅ ሆኜ የተቀማሁትን ፈተና ወስጄ ያለፍኩ ይመስል ደረቴ ሰፋ። ለካባው ሰዎች ሁሉ አወራሁት፤ ዶክተሩ ወድቆ አቧራው አለፈ ብለው ሲቀልዱ ዋሉ። ለልጄም ደውዬ ነይ አልኳት። በሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ከጀርባዋ የትንሿ ልጅ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ተራራው ውስጥ ነው እንዴ የምንተኛው እያለች ትጠይቃለች።

ልትመጣ ጥቂት ሲቀራት ክፍሉን ኖራ ልቀባ ተነሳሁ። ዝናቡ ለአፍታ አባርቶ ነበር፤ በሩን ከፍቼ ብርሃን አስገባሁ። ከመካከለኛው በር በላይ ስደርስ ኖራው መስታወቱን እንዳይነካ ብዬ በእርጥብ ጨርቅ ዙሪያውን ጠረግኩት። አቧራው ለቀቀ። ከአቧራው ሥር ግን ነጭ አልወጣም። ደግሜ ጠረግኩት። ጄሶው ቢጫ ነው። ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኖ፣ ጠርዙ ታሽቶ፣ የት ጋ እንደሚጀምርና የት ጋ እንደሚያልቅ አይታይም።

ወንድሜ የለጠፈው ነጭ ነበር። ሁለት ጥርስ።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ጥገና የሚሠራ እጅ በዚህ ተራራ ሥር አንድ ነው። ነጭ አድርጋ ብትለጥፈው ኖሮ ዕድሜ ልኬን አላውቅም ነበር። እሷ ግን ስንጥቅ ላይ ነጭ ጄሶ አድርጋ መሄድ አትችልም፤ እጇ እሺ አይላትም። ዱቄቱን ከድንጋዩ ፍቃ ከጄሶው ጋር አቡክታ፣ አስማምታ፣ በጨርቅ አሽታዋለች። ወንድሜ ባትሪ ያበራው መስታወቱ ላይ ነበር። እኔም መስታወቱን ነበር ያየሁት። ሁለታችንም የፈለግነውን አይተን ሄድን።

ባለቤቴ አዲሱ ክፍል ውስጥ የልጅ አንሶላ ታጥፋለች። በሩ ላይ ቆምኩ።

"መስታወቱ መቼ ነው የተሰበረው?" አልኳት።

ማጠፏን አላቆመችም። "የቱ?" አለችኝ።

እኔው በቀረጽኩት መደብ ላይ ተቀመጥኩ። እሷው ተናገረች። የመጀመሪያው ዝናብ ሳይገባ ነው የተሰበረው፤ ጠዋት ስትነሳ መሐሉ ለሁለት ተከፍሎ አገኘችው። ከአሮጌ የፎቶ ክፈፍ ቆርጣ ተካችው። ዝናቡ ሲገባ ያም ተሰበረ። አሁን ያለው ከዚያ በኋላ የለጠፈችው ነው፤ እስካሁን ይዟል፣ ምናልባት ተራራው ቦታውን ይዞ ይሆናል አለች። ይህን ሁሉ ስትናገር ስለ ገበያ የምታወራ ይመስል ነበር።

"ልጅቷ ላይ ሊወድቅ?" አልኳት። "ሕፃኗ ላይ?"

ያን ጊዜ አንሶላውን አስቀመጠች።

"እሱ ቤት የገባ ነገር ተመልሶ የኔ ሆኖ አያውቅም የምትለው አንተ አይደለህም? ካገባኸኝ ጀምሮ ስሰማ የኖርኩት ይሄን ነው። አባቴን ወሰደ፣ ትምህርቴን ወሰደ፣ ስሜን ወሰደ። ታዲያ አሁን ልጄን ልስጠው?" አለችኝ። "ድንጋይ ይምር ይሆናል ብዬ ነው። ወንድምህ አይምርም ብለኸኛል።"

ያለችው ሁሉ የኔ ቃል ነው፤ አንድም የጨመረችበት የለም። እኔ ማታ ማታ ለመተንፈስ ያህል የማወራው ነገር እሷ ጆሮ ውስጥ ጠብታ በጠብታ ሰርጎ እንዲህ መያዙን አላውቅም ነበር። ስናገረው ንዴት ነው፣ ሲያልፍልኝ እተኛለሁ። እሷ ግን አልተኛችም።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ የኖራ ሽታ አለው፣ ጥጉ ላይ የተለመነው የልጅ አልጋ ተዘርግቷል። ዝም ካልኩ ልጄ በዚህ ሳምንት እዚህ ትተኛለች። ብናገር ደግሞ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ስልኬን አወጣሁ። ባለቤቴ አየችኝ፤ አልከለከለችኝም፣ አልለመነችኝም። አንሶላውን መልሳ ማጠፍ ጀመረች።

ወንድሜን መስታወቱ ተሰብሯል አልኩት። መቼ አለኝ። አሁን አልኩት። የሷን ነገር አላነሳሁም፤ እስከ ዛሬም አያውቅም። እሱ እስኪደርስ መስታወቱን እኔው ሰበርኩት። ጭነት መኪና ይዞ መጣ፤ አልጋም አታንሱ ያለው ሰው ራሱ አልጋውን ተሸክሞ አወጣልን። ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው በራችን ላይ ቀይ መስመር አሰመሩ፣ ዙሪያውን አጠሩት። ባለቤቴ የሰፋችውን መጋረጃ መስኮቱ ላይ ትታው ወጣች። አውርጂው ብላት "ለማን?" አለችኝ።

ልጄ በቀጥታ ወንድሜ ቤት ወረደች። ጥሩ ቤት ነው፤ አልዋሽም። ላይኛው ፎቅ ሦስት ክፍል አለው፣ ግድግዳው ለስላሳ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት። የወንድሜ ሚስት ለትንሿ ልጅ ሙሉ ክፍል ለቀቀችላት። ማዕድ ስንቀርብ ወንድሜ ላይኛውን ወንበር ለኔ ይለቅልኛል፤ "ጋሼ እዚህ" ይለኛል። በደግነት እጅህን የሚያስርህ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ታሪኩን ይናገራል፤ መስታወቷ እንዳልኳት አደረገች፣ ያቺ ሦስት ሳንቲም የማታወጣ መስታወት የሰው ነፍስ አዳነች ይላል። ባለቤቴ ሳህን ታነሳለች። እኔ ጠረጴዛውን አያለሁ። የካባው ሰዎችም እኔ ያለፍኩትን ፈተና አሁን ገልብጠው ያወሩታል፤ ዶክተሩ አለፈ፣ አቧራው ወደቀ ይላሉ።

ዝናቡ ቀጠለ፣ ቤቱ ግን አልወደቀም። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ እየሄድኩ አየው ነበር፤ ኋላ በየቀኑ ሆነ። ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ አየዋለሁ። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መጋረጃው። እንደ ቤቱ ባለቤት ሄጄ እንደ ለቅሶ ደራሽ እቆማለሁ፤ ሬሳው ግን አልሞተም። ወንድሜን መቼ ነው የሚወድቀው ብዬ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ የልጅ ልጆቻችን ካረጁ በኋላም ሊሆን ይችላል። ሲሠራ ቸኩሎ ነው የተሠራው፤ ለመፍረስ ግን የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።"

ለተራራ ይህ ልዩነት አይደለም፤ ገባኝ። ለኔ ግን ሕይወቴ በሙሉ በሁለቱ መሐል ነው ያለው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ያኔ ብንገባበት ኖሮ እስካሁን እየኖርንበት ነበር ማለት ነው ወይ ብላ አጎቷን ጠየቀችው። ተንኮል አልነበረውም፣ ዝም ብላ ማወቅ ፈልጋ ነው። ወንድሜ የማያውቀውን አውቃለሁ የማይል ሰው ነው። ትንሽ አሰበና "ልትኖሩበት ትችሉ ነበር" አላት። ባለቤቴ ተነስታ ወደ ላይ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ለምሳ አትወርድም። ከኔ ጋርም የምታወራው ለሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው። ጨው አቀብለኝ፣ መብራቱን አጥፋው።

እኔ የምመኘውን ለማንም አልተናገርኩም። እንዲወድቅ እመኛለሁ። አባቴ የፈለፈለው፣ እኔ የፈለፈልኩት፣ መደቡም መደርደሪያውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይውረድ። ከወደቀ በትክክል ወጣን ማለት ነው። ከወደቀ ባለቤቴ ቀና ትላለች፤ ልጃችንን አዳንኳት ማለት ነው። የሠራሁትን ሁሉ የሚያጸድቅልኝ ነገር የሠራሁት ሁሉ መፍረሱ ሆነ።

የዝናቡ ማብቂያ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ከተማው ድረስ የተሰማ ድምፅ መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የተራራው ጀርባ ወረደ ተባለ። ኮቴን ሳልደርብ ወጣሁ። ሰው እያየኝ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ በጭቃ ላይ። ከንፈሩን የሚመጥ ነበር፣ ምስኪን ቤቱ እኮ ነው የሚል ሰማሁ። ልቤ ግን የምትመታው በሐዘን አልነበረም።

አቧራው ገና አልረጋም ነበር። የካባው ሰዎች ተሰብስበው ቆመዋል። ከላይ በኩል፣ ፍየል ከሚሄድበት ጠርዝ አንድ ትልቅ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ ካባው ኩሬ ወርዷል። ከቤቴ በስተቀኝ ነው ያለፈው። አጥሩን ጥሎታል፣ ቀይ መስመር ያለበትን በር ግን አልነካውም። ቆርቆሮው አለ። መጋረጃው አለ። ፎርማኑ መጥቶ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ "ተረፈልህ እኮ፣ አቧራው" አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው። አመሰገንኩት።

ስመለስ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ባለቤቴ ላይኛው ፎቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጫማዋን አድርጋለች፤ ልትወጣ አስባ ይሁን አላውቅም። እግሬን አየች፣ ጭቃውን። ከዚያ ፊቴን።

"ወደቀ?" አለችኝ።

ወድቋል ልላት አፌን ከፈትኩ። አንዲት ቃል ናት፤ እሷ እንደሆነ ሄዳ አታይም። ግን ልጄ ነገ ሄዳ ታያለች፣ ወንድሜ ነገ ይነግራታል።

"አልወደቀም" አልኳት።

ጫማዋን አወለቀች። አልጋው ላይ ወጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆሜ ጀርባዋን አየሁት። ከታች የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ "አባባ!" ብላ ተጣራች። እኔ ሳልመልስ፣ ወንድሜ ከሳሎን "አቤት" አላት።